ጠያቂሽ የሚጽፈው እንዳያጣ

ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጉግል ውስጥ «ትቀጠር» ወይም «ይቅርባት» ብለው የሚፈርዱት ሰዎች ፊትሽን አያዩም፣ ድምፅሽንም አይሰሙም። አራት ወይም አምስት መሐንዲሶች እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ያነጋግሩሻል። ከዚያ ያዩትንና የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ጽሑፉም ተሰብስቦ ለቅጥር ኮሚቴ ይቀርባል። ኮሚቴው የሚያውቅሽ በዚያ ጽሑፍ ብቻ ነው። አማዞን ላይ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ይመክራሉ፤ እዚያም ቢሆን እያንዳንዱ ከስብሰባው በፊት ማስታወሻውን ጽፎ ማስገባት አለበት።

እዚህ ሲያትል ብዙ ዓመት የተቀመጥኩት በጠያቂው ወንበር ላይ ስለሆነ፣ የምነግርሽ ከጠረጴዛው ማዶ የሚታየውን ነው። አገር ቤት ያደገ ጎበዝ ልጅ መልሱን አግኝቶ፣ ኮዱን አሳምሮ ጽፎ፣ ማስታወሻው ላይ ግን ባዶ ሆኖ ሲወጣ ማየት ያናድደኛል። «ዝም ብሎ ሠራ፤ እንዴት እንደደረሰበት አላወቅሁም» ተብሎ ይጻፍበታል። ምክሬ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

1. ሪክሩተሯን አትፍሪያት። መጀመሪያ የምትደውልልሽ ሪክሩተር የሚሏት የቅጥር ሠራተኛ ናት። እሷ ፈታኝ አይደለችም። አንቺ ካለፍሽ የእሷም ሥራ ተሳካ ማለት ስለሆነ፣ ከኩባንያው ሰው ሁሉ ማለፍሽን አብልጣ የምትፈልገው እሷ ናት። የእኛ ሰው «አስቸገርኳት» እያለ ይሳቀቅና ሊጠይቅ የሚገባውን ሳይጠይቅ ስልኩን ይዘጋል። አንቺ ጠይቂ። ስንት ዙር ነው? የትኛው ስለ ኮድ፣ የትኛው ስለ ሲስተም ዲዛይን፣ የትኛው ስላሳለፍኩት ሥራ ነው? ኮዱን የምጽፈው ሮጦ ውጤቱ የሚታይበት ላይ ነው ወይስ ባዶ ገጽ ላይ? በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ብጽፍ ይሻላል? ይህን የጠየቀ ሰው ንቁ ይባላል እንጂ ደፋር አይባልም።

2. ሰዓቱን በጽሑፍ አረጋግጪ። የምታመለክቺው ለንደን ላለው ቢሮ ቢሆንም ከጠያቂዎችሽ አንዱ ሲያትል ሊሆን ይችላል። ሲያትል ያለ ሰው በራሱ አቆጣጠር ለጠዋቱ 9 ሰዓት ቢቀጥርሽ፣ በበጋቸው አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 2 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካ ሰዓቷን በማርች ሁለተኛ እሑድ ወደፊት ትገፋና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። እንግሊዝ የምትቀይረው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው። እኛ አንነካውም። ስለዚህ በማርች ውስጥ ሲያትል ቀይራ ለንደን ሳትቀይር የምትቆይባቸው ሁለት ሦስት ሳምንታት አሉ፤ ኢንተርቪው የሚያመልጠው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ሪክሩተሯ ቀጠሮውን በአዲስ አበባ ሰዓት ጽፋ ትላክልሽ። አንቺም መልሰሽ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፊላት።

መብራትና ኢንተርኔትን በተመለከተ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የላፕቶፕሽ ባትሪ ሙሉ፣ የስልክሽ ዳታ ዝግጁ ይሁን። መሐል ላይ ቢቋረጥ ደንግጠሽ አትጥፊ፤ በስልክሽ ሁለት መስመር ኢሜይል ላኪ። ሌላ ቀጠሮ ይሰጡሻል። ሰው ሳያሳውቅ ሲጠፋ ግን «አልተገኘችም» ተብሎ ይመዘገባል።

3. መልስ አትሸምድጂ። ማትሪክን በሽምደዳ ያለፈ ትውልድ ልጆች ነንና ሊትኮድ በሚባለው የልምምድ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ከ3,000 በላይ ጥያቄ ስናይ እጃችን ወደዚያው ይሄዳል። ጌይል ላክማን ማክዳውል የጻፈችው «ክራኪንግ ዘ ኮዲንግ ኢንተርቪው» በ6ኛ እትሙ 189 ጥያቄ ይዟል፤ ተማሪዎች የሚቀባበሉት «ብላይንድ 75» የሚባለው ዝርዝር ደግሞ 75 ብቻ። በእኔ ፍርድ 75ቱን ነገራቸው ገብቶት የሠራ ሰው 500 ከሸመደደው ይበልጣል። ጠያቂ ሞኝ አይደለም፤ ቶሎ የመለስሽለትን ጥያቄ ወዲያው ይገለብጠዋል። «ዝርዝሩ አስቀድሞ በቅደም ተከተል የተደረደረ ቢሆንስ? ሜሞሪ ውስጥ የማይገባ ያህል ትልቅ ቢሆንስ?» ይልሻል። የሸመደደ ሰው እዚያ ላይ ይቀራል።

አንዱን ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገዪው። ካቃተሽ መፍትሔውን አንብቢ፣ ዝጊው፣ ከሳምንት በኋላ ከዜሮ ጻፊው። ስትለማመጂ ቃል የሚሞላልሽን መሣሪያ አጥፊውና ባዶ ገጽ ላይ ጻፊ። አውሮፕላን ውስጥ ስንት የጎልፍ ኳስ ይገባል የሚለውን ዓይነት እንቆቅልሽ ደግሞ እርሺው፤ የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረው ላዝሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2013 ጊዜ ማባከኛ ነው ብሎ በይፋ ተናግሮበታል።

4. ስታስቢ ይሰማ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ሊትኮድ ላይ ቁጥር 1 የሆነውን ጥያቄ ውሰጂ። የቁጥሮች ዝርዝርና አንድ ዒላማ ቁጥር ተሰጥቶሻል፤ ተደምረው ዒላማውን የሚሆኑትን ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ። ቀላል ነው። ሁለት ልጆች ተጠየቁ እንበል። የመጀመሪያው «እሺ» አለ፣ አቀረቀረ፣ ዐሥር ደቂቃ ዝም ብሎ ጻፈ፣ «ጨረስኩ» አለ። ኮዱ ትክክል ነው።

ሁለተኛዋ እንዲህ ጀመረች፦ «ከመጻፌ በፊት ልጠይቅ። አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ መጠቀም ይፈቀዳል? ከዜሮ በታች የሆኑ ቁጥሮች አሉ? እንዲህ ያለ ጥንድ ከሌለ ምን ልመልስ? ዝርዝሩስ ምን ያህል ይረዝማል?» ጠያቂው «100,000» አላት። «እንግዲያው እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ባጣምር ወደ 5 ቢሊዮን ጥንድ ማየት ሊኖርብኝ ነው። መልሱ ይገኛል፣ ግን ይዘገያል። ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ብቻ እያለፍኩ ያየሁትን ቁጥር ሃሽ ማፕ ውስጥ ባስቀምጥ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ቁጥር የጎደለውን ከማፑ እፈልጋለሁ። 100,000 እርምጃ ይበቃኛል፤ የምከፍለው ሜሞሪ ነው። በዚህ ልቀጥል?» አለች። ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ 3፣ 5 እና 3ን ይዛ ዒላማውን 6 አድርጋ ኮዱን መስመር በመስመር በአፏ አስኬደችው። «መጀመሪያ መፈለግ፣ ቀጥሎ ማስገባት አለብኝ፤ አለዚያ የመጀመሪያው 3 ከራሱ ጋር ይጣመራል» አለች።

የሁለቱ ኮድ ቃል በቃል አንድ ነው። ስለ ልጁ የሚጻፈው ግን «መልሱ ትክክል፤ ጥያቄውን አስቀድሞ ሳያውቀው አልቀረም» የሚል አንድ መስመር ነው። ስለ ልጅቷ ግማሽ ገጽ ይጻፋል፦ ያልተነገረውን ጠይቃለች፣ ሁለት መንገድ አወዳድራለች፣ የምትከፍለውን ዋጋ ታውቃለች፣ ሥራዋን ራሷ ፈትሻለች። ኮሚቴው የሚያነበው ይህን ነው።

ሳታወሪ ማሰብ ከፈለግሽ «አንድ ደቂቃ ስጠኝ» በይ፤ ይሰጥሻል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግን ያሰብሽውን፣ ያልሠራውንም ጭምር ተናገሪ። ጠያቂው «እዚህች ጋ ምን ይሆናል?» ሲልሽ ሊያጣጥልሽ አይደለም፤ መንገድ እየጠቆመሽ ነው። ብዙ ልጆች «ገብቶኛል» ብለው ይዘጉታል። ጥቆማ መቀበል ራሱ ነጥብ ያስገኛል፤ ነገ አብሬያት ብሠራ ትሰማኛለች ወይ ብሎ እያየሽ ነውና። እንግሊዝኛሽ አያሳስብሽ፤ ብቻ አትሩጪ። በሕንድ፣ በቻይና፣ በብራዚል እንግሊዝኛ የሚሠራ ቤት ነው።

5. ሰው እያየሽ ተለማመጂ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ፈትነው ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፤ ግማሾቹ ጠያቂ እያያቸው ሰሌዳ ላይ ሠሩ፣ ግማሾቹ ለብቻቸው ተዘግተው። እየታዩ የሠሩት ሰዎች ውጤት ከግማሽ በላይ አሽቆለቆለ። ሴቶቹ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ ሰው እያያቸው ከሠሩት አንዲትም አላለፈችም፤ ለብቻቸው የሠሩት ግን ሁሉም አለፉ። እንግዲህ ያን ቀን እጅሽ ቢንቀጠቀጥ ስላልቻልሽ አይደለም።

መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ዓይን መልመድ። ከ2019 ጀምሮ አዲስ አበባና አዳማ ላይ ተማሪ የሚያሠለጥነውን ኤ ቱ ኤስ ቪን ታውቂዋለሽ፤ ጉግል የደረሱ ልጆች ከዚያ ወጥተዋል። ጉልበታቸው ልጆቹን በቡድን አስቀምጠው አንዱ ሌላውን እንዲጠይቅ ማድረጋቸው ላይ ነው። እዚያ ባትገቢም ሁለት ጓደኛ ይበቃሻል። አንዷ ትጠይቅ፣ አንዷ ትመልስ፣ ሦስተኛዋ ማስታወሻ ትያዝ። ከዚያ ማስታወሻውን ብቻ አንብቡት። እኔ የምለው ነገር ያኔ ይገባሻል።

6. «እኛ» ማለቱን እዚህ ላይ ተዪው። አንዱ ወይም ሁለቱ ዙር ስለ ኮድ ሳይሆን እስከ ዛሬ ስለሠራሽው ነው። አማዞን ይህን እንደ ሃይማኖት ይዞታል። 16 የአመራር መርሆች አሉት፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ድረስ 14 ነበሩ። ጠያቂዎቹ ተከፋፍለዋቸው ይመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ «ባር ሬዘር» የሚሉት፣ ከሚቀጥርሽ ክፍል ውጭ የመጣ ሰው ነው፤ የክፍሉ አለቃ ቢወድሽ እንኳ እሱ ካልተቀበለሽ አትገቢም። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው።

እኛን ያሳደጉን ሰዎች «እኔ፣ እኔ» የሚል ልጅ አይወዱም። ስለዚህ የሠራሽውን ስትተርኪ «አየን፣ አስተካከልን፣ ተሳካልን» ትያለሽ። ጠያቂው ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ የሚጽፈው ያጣል። እሱ ቡድኑን ሊቀጥር አልመጣም።

በስልክ ያወራሽኝን የዚያን ሱቅ የክፍያ ፕሮግራም ውሰጂ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደንበኛው ደግሞ ይጫንና ገንዘቡ ሁለቴ ይቆረጥበት ነበር። «ከዚያ ችግሩን ፈታነው» ብለሽ አለፍሽው። እንዲህ ብትዪስ? «ቅሬታው ሲመጣ የሰርቨሩን መዝገብ እኔ አነበብኩ፤ ድርብ ክፍያዎቹ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ልዩነት የመጡ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ግዢ አንድ መለያ ቁጥር እንዲሰጠው፣ ያው ቁጥር ዳግም ሲመጣ ሰርቨሩ አዲስ ክፍያ ሳይጀምር የቀድሞውን ውጤት እንዲመልስ ሐሳብ አቀረብኩ። ኮዱን እኔ ጻፍኩ፤ ጓደኛዬ ገመገመው፣ አንድ ስህተትም አገኘበት። ከዚያ ወዲህ ድርብ ክፍያ አልታየም።» ጓደኛሽን አልካድሽውም፤ ድርሻውን ሰጠሽው። ውሸትም የለበትም።

ሁኔታው፣ ኃላፊነትሽ፣ ያደረግሽው፣ ውጤቱ። በዚህ ቅደም ተከተል ስድስት ሰባት ታሪክ ጽፈሽ አዘጋጂ። አንዱ መምህርሽን ወይም አለቃሽን የተቃወምሽበት ይሁን፤ ከአማዞን መርሆች አንዱ በቀጥታ የሚጠይቀው ይህን ነውና። ካልተስማማሽ በግልጽ ተናገሪ፣ ከተወሰነ በኋላ ግን በሙሉ ልብሽ ሥሪ ይላል። «እኔ ከማንም ጋር ተጋጭቼ አላውቅም» ማለት ለአንቺ ጨዋነት ነው፤ ማስታወሻው ላይ ግን «ምሳሌ ማቅረብ አልቻለችም» ተብሎ ነው የሚሰፍረው።

7. ትንፋሽ ስበሽ «አዎ» አትበዪ። ሳቂ፣ ግን እውነቴን ነው። ያ ወደ ውስጥ የምንስበው ነገር ፈረንጅን ያስደነግጠዋል፤ የሆነ ነገር የሆንሽ ይመስለዋል። አፍሽን ከፍተሽ «የስ» በይ። ዓይንሽንም አትስበሪ። ትልቅ ሰው ፊት ማቀርቀር ቤታችን ውስጥ ወግ ነው፤ በቪዲዮ ግን ሌላ ስክሪን የምታነቢ ያስመስልሻል።

8. ሌላ ስክሪን ካነሳሁ አይቀር፣ ኤአይ በድብቅ ከፍተሽ መልስ አታንብቢ። ዓይንሽ ሲመላለስ ይታያል፤ መልሱም አንቺ ከምትናገሪው በላይ የተስተካከለ ስለሚሆን ያሳብቃል። ብዙ ሰው ስለሞከረው የጉግሉ ሰንዳር ፒቻይ እ.ኤ.አ. በ2025 ቢያንስ አንዱን ዙር በአካል ወደ ማድረግ እንደሚመለሱ ተናግሯል። ለልምምድ ግን ጥሩ ጠያቂ ነው፤ «ጠይቀኝ፣ መልሱን አትንገረኝ» በይው።

9. ለዘመድ አታውሪ። ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው መልስ ሁለት ሦስት ወር ሊሄድ ይችላል፤ ጉግል ላይ ኮሚቴው ካሳለፈሽ በኋላ እንኳ የሚወስድሽ ቡድን መፈለግ አለ። አክስቶችሽ በየእሑዱ «እሺ፣ ምን አሉሽ?» ሲሉሽ ኢንተርቪው ከሚያደክምሽ በላይ ያደክሙሻል። ለእናትሽ ብቻ ንገሪያት። እሷ ቁልቢ ትሳልልሽ እንደሆነ እንጂ አታወራብሽም።

10. ሲያልፍልሽ ቶሎ «እሺ» አትበዪ። መርካቶ ገብተሽ የአንድ ሻሽ ዋጋ ለማስቀነስ ሦስት ሱቅ የምትዞሪ ልጅ፣ የዓመታት ደመወዝሽን በአንድ ስልክ ልትቀበዪ ነው? ማክበርሽን አሳይተሽ «አመሰግናለሁ፣ በጽሑፍ ላኩልኝ፣ ጥቂት ቀን ላስብበት» በይ። እዚህ ዋሽንግተን ግዛት ከ2023 ጀምሮ አሠሪው የደመወዙን እርከን ማስታወቂያው ላይ እንዲጽፍ ሕግ ያስገድደዋል። ለንደን እንዲህ ያለ ግዴታ ስለሌለ ራስሽ ጠይቂ። ክፍያው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ አክሲዮንም አለበት፣ አክሲዮኑም አብዛኛውን ጊዜ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነው። አማዞን የሚታወቅበት አከፋፈል በመጀመሪያው ዓመት 5 በመቶ፣ በሁለተኛው 15 በመቶ ብቻ ሰጥቶ ቀሪውን 80 በመቶ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ያቆየዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ጠቅላላውን ድምር ሰምቶ ለአራት አካፍሎ ይደሰታል። ቪዛውን፣ የጉዞ ወጪውን፣ የመጀመሪያውን ወር ቤት ማን እንደሚከፍልም ጠይቂ። ስለጠየቅሽ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ከሆነ ቀድሞውንም ጥሩ ቤት አልነበሩም።

11. ካልተሳካ አንብቢው እንጂ አትታመሚበት። ጉግል የራሱን የቅጥር መዝገብ መርምሮ አራት ጠያቂ 86 በመቶ ያህል እርግጠኛ እንደሚያደርገው፣ ከዚያ በላይ መጨመሩ እምብዛም እንደማይጠቅም ያወቀ ኩባንያ ነው። በራሳቸው ሒሳብ እንኳ 100 አይሞላም። ብራያን አክተን እ.ኤ.አ. በ2009 ትዊተርም ፌስቡክም አንቀጥርህም ብለውት ከዋትስአፕ መሥራቾች አንዱ ሆነ፤ ፌስቡክ በ2014 ያንኑ ዋትስአፕ በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ማክስ ሃዌል የሠራውን ሆምብሩ የተባለ ፕሮግራም የጉግል መሐንዲሶች ራሳቸው ይጠቀሙበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ጉግል ሳይቀጥረው ቀረ። ይህን የምነግርሽ አንቺም ቢሊየነር ትሆኛለሽ ለማለት አይደለም፤ አብዛኛው ሰው አይሆንም። ሲወድቅ የነበረው የ45 ደቂቃ ማስታወሻ እንጂ ሰውየው እንዳልነበረ እንድታዪ ነው።

በዚያኑ ምሽት የተጠየቅሽውን፣ የመለስሽውን፣ የተደናቀፍሽበትን ጻፊ፤ በማግሥቱ ግማሹ ይጠፋል። ከዚያ ለሪክሩተሯ ሦስት መስመር ላኪ፦ አመስግኛት፣ የትኛው ዙር ላይ እንደደከምሽ ልትነግርሽ ትችል እንደሆን ጠይቂያት፣ መቼ ደግመሽ ማመልከት እንደምትችዪ ጠይቂያት። የመጀመሪያውን ጥያቄ እንድትመልስ ብዙ ጊዜ ሕጋቸው አይፈቅድላትም፤ የሁለተኛውን መልስ ግን ትነግርሻለች። ብዙዎቹ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይላሉ። ቀኑን መዝግቢና ሲደርስ ለእሷው ጻፊላት።